ነፃ የልቀት ፈቃድ

ነፃ የልቀት ፈቃድ ማለት በካርቦን ግብይት ሥርዓት ውስጥ መንግሥት ለፋብሪካዎችና ለኃይል ማመንጫዎች ያለ ክፍያ የሚሰጠው፣ የተወሰነ መጠን ያለው በካይ ጋዝ ወደ አየር ለመልቀቅ የሚያስችል ፈቃድ ነው። አንድ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወይም በሙቀት አማቂነቱ ከዚያ ጋር እኩል የሆነ ሌላ ጋዝን ይወክላል። ፈቃዱ በነፃ ቢሰጥም በገበያ ላይ ዋጋ ስላለው የተቀበለው ድርጅት ሊጠቀምበት፣ ለሌላ ጊዜ ሊያስቀምጠው ወይም ሊሸጠው ይችላል። በመሆኑም ነፃ ፈቃድ በገንዘብ ሲታሰብ ከሕዝብ ሀብት ለኢንዱስትሪ የሚሰጥ ድጎማ ነው።

አሠራሩ በሰፊው የሚታወቀው በ2005 በተጀመረው የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ግብይት ሥርዓት ነው። ደቡብ ኮሪያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ቻይናና የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያም ይጠቀሙበታል። ኢትዮጵያ የራሷ የልቀት ግብይት ሥርዓት የላትም። ሆኖም የደን ካርቦን ሻጭ በመሆኗና ወደ አውሮፓ የሚገቡ የተወሰኑ የኢንዱስትሪ ምርቶች ከ2026 ጀምሮ የካርቦን ክፍያ ስለሚጠየቅባቸው ጉዳዩ ይነካታል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

የካርቦን ግብይት አሠራር

በካርቦን ግብይት መንግሥት በመጀመሪያ በሥርዓቱ የታቀፉ ድርጅቶች ሁሉ ተደምረው በአንድ ዓመት ውስጥ ሊለቁት የሚችሉትን ከፍተኛ የጋዝ መጠን ይወስናል። ይህ ወሰን የልቀት ጣሪያ ይባላል። ከዚያም በጣሪያው ልክ ፈቃዶችን ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ድርጅት በዓመቱ የለቀቀውን ጋዝ ይለካል፤ ልኬቱም በገለልተኛ አካል ይረጋገጣል። በመጨረሻም ድርጅቱ ከለቀቀው ቶን ጋር የሚመጣጠን ፈቃድ ለመንግሥት መልሶ ያስረክባል። ፈቃድ የጎደለው ከገበያ ይገዛል፤ የተረፈው ይሸጣል። ያላስረከበ ይቀጣል። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ቅጣቱ ከ2005 እስከ 2007 ለአንድ ቶን 40 ዩሮ ነበር፤ በ2008 ወደ 100 ዩሮ ከፍ ብሏል። ቅጣቱን የከፈለ ድርጅትም የጎደለውን ፈቃድ ከማስረከብ አይድንም።

ጣሪያው አጠቃላይ ብክለቱ ምን ያህል እንደሚሆን ይወስናል። ፈቃዶቹ መጀመሪያ ለማንና በምን ዋጋ ይሰጡ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወጪውን ማን እንደሚሸከም ይወስናል። ነፃ ድልድል በዋናነት የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት ከጣሉት መካከል የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሮናልድ ኮዝ ይገኝበታል። ኮዝ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ የመብት ድንበር ግልጽ ከሆነና መደራደር ወጪ ከሌለው መብቱ መጀመሪያ ለማንም ቢሰጥ ተዋዋዮቹ ተስማምተው ብክለቱን በአነስተኛ ወጪ ሊቀንሱ እንደሚችሉ አስረዳ። ቶማስ ክሮከር በ1966፣ ጆን ዴልስ ደግሞ በ1968 ሐሳቡን ለአየርና ለውኃ ብክለት ፈቃድ ግብይት ተጠቀሙበት።

ፈቃድ የሚደለደልባቸው መንገዶች

ጨረታ፦ መንግሥት ፈቃዱን ለገበያ ያቀርባል፤ ድርጅቶች ተጫርተው ይገዛሉ። ገቢው ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይውላል።

በቀድሞ ልቀት ላይ የተመሠረተ ነፃ ድልድል፦ አንድ ድርጅት ባለፉት የተወሰኑ ዓመታት የለቀቀው ጋዝ ይሰላና በዚያው መጠን ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ፈቃድ በነፃ ይሰጠዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። ጉድለቱ ብዙ ሲበክል የኖረውን መሸለሙና ቀድሞ ገንዘብ አውጥቶ ብክለቱን የቀነሰውን መጉዳቱ ነው። አዲስ የሚከፈት ፋብሪካም የቀድሞ ልቀት ስለሌለው የተለየ መጠባበቂያ ካልተዘጋጀለት ምንም አያገኝም።

በመለኪያ ላይ የተመሠረተ ነፃ ድልድል፦ ለእያንዳንዱ የምርት ዓይነት በአንድ ቶን ምርት ሊለቀቅ የሚገባው የጋዝ መጠን በመለኪያነት ይቀመጣል። ፋብሪካው የሚያገኘው ነፃ ፈቃድ መለኪያው በምርቱ መጠን ተባዝቶ ነው። በአውሮፓ ኅብረት መለኪያው የሚወጣው በየዘርፉ አነስተኛ ልቀት ካላቸው 10 በመቶ ፋብሪካዎች አማካይ ነው። ስለዚህ ከመለኪያው በላይ የሚለቅ ፋብሪካ ልዩነቱን ይገዛል፤ ከመለኪያው በታች የሚለቅ ትርፉን ይሸጣል።

በመለኪያ የሚደረገው ድልድል ራሱ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ያለፉት ዓመታት ምርት የሚታይበት ነው። ሌላው በያዝነው ዓመት የተመረተው ምርት የሚታይበት ሲሆን ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዚላንድና ቻይና ይህን ይከተላሉ። በሁለተኛው መንገድ ምርት በጨመረ ቁጥር ነፃ ፈቃዱም ስለሚጨምር ፋብሪካዎች ምርት እንዳይቀንሱ ይረዳል። በሌላ በኩል የምርቱ ዋጋ የብክለቱን ወጪ ስለማያሳይ ገዢዎች ምርቱን በቁጠባ እንዲጠቀሙ አይገፋም።

የስሌት ምሳሌ

የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር የኖራ ድንጋይን በከፍተኛ ሙቀት በማቃጠል ይሠራል። በዚህ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጁ ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩም ይወጣል። ከአንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቀጥተኛ ልቀት 60 በመቶ ያህሉ ከድንጋዩ የኬሚካል ለውጥ የሚመጣ በመሆኑ ነዳጅ በመቀየር ብቻ ሊወገድ አይችልም።

በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እስከ 2025 የተሠራበት የግራጫ ሲሚንቶ ክሊንከር መለኪያ ለአንድ ቶን ክሊንከር 0.693 ፈቃድ ነበር። ሁለት ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው በዓመት 1,000,000 ቶን ክሊንከር ያመርታሉ፣ የአንድ ፈቃድ ዋጋም 70 ዩሮ ነው እንበል። ሁለቱም 693,000 ነፃ ፈቃድ ያገኛሉ።

ፋብሪካ ሀ ለአንድ ቶን ክሊንከር 0.80 ቶን ቢለቅ አጠቃላይ ልቀቱ 800,000 ቶን ይሆናል። የጎደለው 107,000 ፈቃድ ሲሆን ለመግዛት 7.49 ሚሊዮን ዩሮ ያስፈልገዋል። ነፃ ፈቃድ ባይኖር ኖሮ ግን 56 ሚሊዮን ዩሮ ይከፍል ነበር።

ፋብሪካ ለ ለአንድ ቶን ክሊንከር 0.67 ቶን ቢለቅ አጠቃላይ ልቀቱ 670,000 ቶን ነው። የተረፈውን 23,000 ፈቃድ በ1.61 ሚሊዮን ዩሮ ይሸጣል።

በሁለቱም ፋብሪካዎች አንድ ቶን ልቀት መቀነስ 70 ዩሮ ያተርፋል፤ ፋብሪካ ሀ ከግዢው ይቆጥባል፣ ፋብሪካ ለ ደግሞ ለሽያጩ ይጨምራል። በመለኪያ የተሰጠ ነፃ ፈቃድ ብክለትን የመቀነስ ፍላጎትን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ያለው በጠቅላላ ክፍያው ነው። ከ56 ሚሊዮን ዩሮው ውስጥ 48.51 ሚሊዮኑ መንግሥት ሊሰበስበው ሲችል ለፋብሪካው የተወለት ገንዘብ ነው።

ነፃ ፈቃድ የሚሰጥበት ምክንያት

ዋናው ምክንያት የልቀት ሽሽት የሚባለውን ችግር ለመከላከል ነው። የልቀት ሽሽት ማለት በአንድ አገር የካርቦን ዋጋ ሲጣል ፋብሪካዎች ወይም ገበያቸው የካርቦን ዋጋ ወደሌለበት አገር መሄድ ነው። እንዲህ ሲሆን አገሪቱ ሥራና ግብር ታጣለች፤ የዓለም ልቀት ግን አይቀንስም። ሥጋቱ ከፍ የሚለው ብዙ ኃይል በሚጠቀሙና ከውጭ ምርት ጋር በሚወዳደሩ ዘርፎች ነው። ብረታ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ መስታወትና ወረቀት ከእነዚህ ይመደባሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ፖለቲካዊ ነው። ትልልቅ ኢንዱስትሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት አዲስ ሕግ እንዳይወጣ ሊያግዱ ስለሚችሉ ነፃ ፈቃድ ተቃውሞውን ያለዝባል። ሦስተኛው ደግሞ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በቅን ልቦና ለተገነቡ ፋብሪካዎች ካሣ መሆኑ ነው።

የነፃው ፈቃድ ዋጋ

በነፃ የተገኘ ፈቃድ የምርት ዋጋ አያስጨምርም ብሎ መገመት ይቻላል። በተግባር የታየው ግን ሌላ ነው። ምክንያቱን ከሰሊጥ ጋር አነጻጽሮ መረዳት ይቻላል። የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሳንጃ ዘይት ጨምቆ የሚሸጥ አንድ ሰው ከአባቱ እርሻ 10 ኩንታል ሰሊጥ በነፃ ቢሰጠው፣ ሰሊጡ በነፃ ስለመጣለት ዘይቱን በርካሽ አይሸጥም። ሰሊጡን ሳይጨምቅ ለነጋዴ ቢሸጠው ስንት ሊያገኝ ይችል እንደነበር ያሰላና ዘይቱን በዚያ ዋጋ መሠረት ይተምናል። የሰሊጡ ዋጋ ገዢው ላይ ያርፋል፤ ስጦታው በጨማቂው ኪስ ይቀራል።

የኃይል አመንጪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በአውሮፓ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጀርመን፣ በብሪታንያ፣ በኔዘርላንድስና በሌሎችም አገሮች የድንጋይ ከሰልና የጋዝ ማመንጫዎች በነፃ ያገኙትን ፈቃድ የገበያ ዋጋ በኤሌክትሪክ ታሪፍ ላይ ጨመሩት። ያልከፈሉትን ወጪ ከደንበኞች በመሰብሰብም ከፍተኛ ድንገተኛ ትርፍ አገኙ። ኤሌክትሪክ ከሩቅ አገር በመርከብ የሚመጣ ዕቃ ባለመሆኑ ዋጋውን ለመጨመር የውጭ ውድድር አላገዳቸውም። ከዓለም ገበያ ጋር የሚወዳደረው የብረት ወይም የሲሚንቶ አምራች ይህን የማድረግ ዕድሉ ጠበብ ያለ ነው። ነፃ ፈቃድ ለኃይል ማመንጫዎች ቀድሞ የቀረውና ለፋብሪካዎች ረዘም ላለ ጊዜ የቆየው በዚህ ልዩነት ነው።

ታሪክ

አሜሪካ

በመጠነ ሰፊ ሁኔታ የተሠራበት የመጀመሪያው የልቀት ግብይት የሚመለከተው ካርቦንን ሳይሆን የአሲድ ዝናብ የሚያስከትለውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 የንጹሕ አየር ሕግን ሲያሻሽል ፕሮግራሙን አቋቋመ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ1995 በ110 የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች ተጀመረ። ፈቃዶቹ ከጥቂቶቹ በስተቀር በነፃ የተሰጡ ሲሆን መሠረቱም ጣቢያዎቹ ከ1985 እስከ 1987 የተጠቀሙበት የነዳጅ መጠን ነበር። ልቀቱ በእጅጉ ቀንሷል፤ ወጪውም አስቀድሞ ከተገመተው በታች ሆኗል።

አውሮፓ ኅብረት

የኪዮቶ ስምምነት በ1997 ከተደረሰ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ግብይት ሕጉን በ2003 አውጥቶ ጥር 1 ቀን 2005 ሥራ አስጀመረ። ሥርዓቱ 10,000 ያህል የኃይል ማመንጫዎችንና ፋብሪካዎችን የያዘ ነው።

በመጀመሪያው ምዕራፍ (2005–2007) አባል አገሮች ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆነውን ፈቃድ በነፃ እንዲሰጡ ተደነገገ። እያንዳንዱ አገር የራሱን የድልድል ዕቅድ ያወጣ ስለነበር አገሮች ለየኢንዱስትሪዎቻቸው አብዝተው ሰጡ። የፈቃድ ዋጋ በሚያዝያ 2006 30 ዩሮ ገደማ ደርሶ ነበር። ወዲያው ግን የተረጋገጠው ልቀት ከተሰጠው ፈቃድ ያነሰ መሆኑ ሲታወቅ ዋጋው ወደቀ። ፈቃዱ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ስለማይተላለፍ በ2007 ዋጋው ወደ ዜሮ ተጠጋ።

በሁለተኛው ምዕራፍ (2008–2012) ነፃው ድርሻ ቢያንስ 90 በመቶ ሆነ። በዚህ ጊዜ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ምርትን ሲቀንስ ነፃ ፈቃዱ ግን እንደነበረ ቀጠለ። በምዕራፉ ማብቂያ 2 ቢሊዮን ያህል ትርፍ ፈቃድ ተከማችቶ በ2013 ዋጋው ከ5 ዩሮ በታች ወርዶ ነበር።

በሦስተኛው ምዕራፍ (2013–2020) ብሔራዊ ዕቅዶች ቀርተው ለመላው ኅብረት አንድ ጣሪያ ተቀመጠ። የኃይል ማመንጫዎች፣ ለአንዳንድ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ከተሰጠው ልዩ ፈቃድ በስተቀር፣ በጨረታ መግዛት ጀመሩ። ለፋብሪካዎች የመለኪያ ዘዴ ተግባራዊ ሆነ። ለልቀት ሽሽት የተጋለጡ ተብለው የተመዘገቡ ዘርፎች መለኪያው የሚፈቅደውን መቶ በመቶ በነፃ ሲያገኙ፣ የቀሩት በ2013 80 በመቶ አግኝተው በ2020 ወደ 30 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ።

በአራተኛው ምዕራፍ (2021–2030) መለኪያዎቹ ተጠብቀዋል። ለምሳሌ የክሊንከር መለኪያ ከ0.766 ወደ 0.693 ወርዷል። ጣሪያው በየዓመቱ የሚቀንስበት መጠንም ከ2024 ጀምሮ 4.3 በመቶ፣ ከ2028 ጀምሮ ደግሞ 4.4 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል። የፈቃድ ዋጋ በየካቲት 2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100 ዩሮ በላይ ደርሶ ነበር።

ሌሎች አገሮች

ደቡብ ኮሪያ በ2015 ስትጀምር ፈቃዱን በሙሉ በነፃ ሰጠች፤ ከ2018 ነፃው ድርሻ 97 በመቶ፣ ከ2021 ደግሞ 90 በመቶ ሆነ። ቻይና በሐምሌ 2021 ብሔራዊ ግብይቷን በኃይል ማመንጫዎች ጀምራ በ2025 ብረት፣ ሲሚንቶና አሉሚኒየምን ጨምራለች፤ ፈቃዱም በነፃ ይሰጣል። በአንጻሩ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኙ ግዛቶች በ2009 የጀመሩት የኃይል ማመንጫዎች ግብይት አብዛኛውን ፈቃድ ከመጀመሪያው አንሥቶ በጨረታ ይሸጣል።

በአፍሪካ ተቀራራቢ አሠራር ያለው በደቡብ አፍሪካ ነው። አገሪቱ በሰኔ 2019 የጀመረችው የካርቦን ግብር እንጂ ግብይት አይደለም። መነሻው ለአንድ ቶን 120 ራንድ ሲሆን 60 በመቶው ልቀት በመሠረታዊነት ከግብር ነፃ ተደርጓል፤ ከሌሎች ቅናሾች ጋር ነፃው ድርሻ እስከ 95 በመቶ ሊደርስ ይችል ነበር።

ትችቶች

የአውሮፓ ኅብረት የኦዲት ፍርድ ቤት በ2020 ባወጣው ልዩ ሪፖርት ነፃ ፈቃድ በሦስተኛው ምዕራፍ ከጠቅላላው ፈቃድ ከ40 በመቶ በላይ እንደነበረና ድልድሉ ይበልጥ በትክክል ለሚያስፈልጋቸው ብቻ ሊያነጣጥር ይገባ እንደነበር ገልጿል።

ሌላው ትችት ሕጉ ያልታሰበ ጠባይ ማስከተሉን ይመለከታል። በሦስተኛው ምዕራፍ የአንድ ፋብሪካ ነፃ ፈቃድ የሚቀነሰው ምርቱ ከቀድሞው ከግማሽ በታች ሲወርድ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎች አንዳንድ የሲሚንቶ አምራቾች ሙሉውን ነፃ ፈቃድ ላለማጣት ምርታቸውን ሆን ብለው ከ50 በመቶው መስመር ትንሽ ከፍ አድርገው እንደያዙ አሳይተዋል። ከ2021 ጀምሮ ምርት በ15 በመቶ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ድልድሉ እንዲስተካከል ተደርጓል።

ሦስተኛው ትችት ስለ ፍትሕ ነው። ፈቃዱ በጨረታ ቢሸጥ ገቢው ለድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ፣ ለታዳሽ ኃይል ወይም ለተጎዱ አገሮች ሊውል ይችል ነበር። በነፃ ሲሰጥ ግን ጥቅሙ የሚያርፈው በፋብሪካ ባለቤቶች ላይ ነው። የነፃ ፈቃድ ደጋፊዎች በበኩላቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋው ዝቅተኛ ሆኖ እንኳ የኢንዱስትሪ ስደት በጉልህ ያልታየው ለዘርፎቹ ጥበቃ ስለተደረገ ነው ይላሉ።

የድንበር ካርቦን ማስተካከያ

የአውሮፓ ኅብረት ነፃ ፈቃድን ለመተካት የመረጠው መንገድ የድንበር ካርቦን ማስተካከያ ነው። በ2023 በወጣው ደንብ መሠረት ሲሚንቶ፣ ብረትና ብረታ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጅንና ኤሌክትሪክ ወደ ኅብረቱ የሚያስገባ ነጋዴ ምርቱ ሲሠራ ለተለቀቀው ካርቦን ከአውሮፓ ፈቃድ ዋጋ ጋር የተያያዘ የምስክር ወረቀት መግዛት አለበት። ሪፖርት ብቻ የሚቀርብበት የሽግግር ጊዜ ከጥቅምት 1 ቀን 2023 እስከ 2025 መጨረሻ ቆይቶ የክፍያው ግዴታ ከጥር 1 ቀን 2026 ተጀምሯል። በ2025 በተደረገ ማሻሻያ ከኤሌክትሪክና ከሃይድሮጅን በስተቀር በዓመት ከ50 ቶን የማይበልጥ የሚያስገቡ ነጋዴዎች ከግዴታው ነፃ ሆነዋል።

በእነዚህ ዘርፎች ነፃ ፈቃድ ቀስ በቀስ ይቀራል። ቅነሳው በ2026 2.5 በመቶ፣ በ2027 5 በመቶ፣ በ2028 10 በመቶ፣ በ2029 22.5 በመቶ፣ በ2030 48.5 በመቶ ነው። ከዚያም በ2031 61 በመቶ፣ በ2032 73.5 በመቶ፣ በ2033 86 በመቶ ደርሶ በ2034 ነፃ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ያበቃል። አስመጪዎች የሚከፍሉት ድርሻም በዚያው ልክ ያድጋል።

አምራቹ በአገሩ የካርቦን ዋጋ ከፍሎ ከሆነ የከፈለው ይቀነስለታል። እጅግ ባለ ዝቅተኛ ገቢ አገሮች ግን በጥቅሉ ከደንቡ ነፃ አልተደረጉም። ከአፍሪካ ይበልጥ የተጋለጠች ተብላ ስትጠቀስ የቆየችው አሉሚኒየም ወደ አውሮፓ ስትልክ የነበረችው ሞዛምቢክ ናት።

ኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነትን በ1994፣ የፓሪስ ስምምነትን ደግሞ በ2017 አጽድቃለች። በ2011 የወጣው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ብሎ አስልቷል። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሆነው ከግብርናና ከደን የሚመጣ ሲሆን የኢንዱስትሪ ድርሻ 3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2021 በተሻሻለው ብሔራዊ ዕቅድ በ2030 ሊደርስ ከሚችለው ልቀት 68.8 በመቶ ለመቀነስ ታቅዷል፤ 14 በመቶው በራስ አቅም፣ 54.8 በመቶው ደግሞ በውጭ ድጋፍ የሚፈጸም ነው።

ሁምቦ

በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ የደን ልማት የኢትዮጵያና የካርቦን ገበያ የመጀመሪያው ትልቅ ግንኙነት ነው። ተራቁቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ከግጦሽና ከማገዶ ለቀማ ተከልሎ፣ በአብዛኛው በመሬት ውስጥ የቀሩ ጉቶዎችና ሥሮች እንዲያቆጠቁጡ በማድረግ ደኑ እንዲያገግም ተደረገ። ወርልድ ቪዥን የደገፈው ፕሮጀክት በኪዮቶ ስምምነት የንጹሕ ልማት ዘዴ ሥር በ2009 ተመዘገበ። 7 የደን ልማትና ጥበቃ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬቱን ያስተዳድራሉ። በ30 ዓመታት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ተገምቷል። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ 165,000 ቶኑን ለመግዛት ተስማማ፤ ማኅበረሰቡ ቢያንስ በ10 ዓመታት ከ700,000 ዶላር በላይ እንደሚያገኝ ተገለጸ። ይህ ለአንድ ቶን ከ4 ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል።

ሁምቦ የሚሸጠው ፈቃድ ሳይሆን የካርቦን ክሬዲት ነው። ፈቃድ በመንግሥት ጣሪያ ሥር ለመልቀቅ የሚሰጥ መብት ነው፤ ክሬዲት ደግሞ ልቀት መቀነሱ ወይም ካርቦን መያዙ ከተረጋገጠ በኋላ የሚገኝ ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎች እስከ 2020 ድረስ ከታዳጊ አገሮች የተገኙ የተወሰኑ ክሬዲቶችን ለግዴታቸው መጠቀም ይችሉ ነበር። ኅብረቱ ግን ደን ዞሮ ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ይችላል በሚል የደን ክሬዲቶችን ከመጀመሪያው አልተቀበለም። በዚህ ምክንያት የሁምቦ ገበሬዎች ክሬዲት ወደዚያ ገበያ መግባት አልቻለም፤ በዚያው ዘመን ግን በገበያው ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ፈቃዳቸውን ያለ ክፍያ ያገኙ ነበር። የሁምቦ ማኅበራት ክሬዲት ለማግኘት መሬት ከልለው፣ ዛፍ አሳድገው፣ ልኬት አስደርገው ማረጋገጥ ነበረባቸው።

ከሁምቦ በኋላ በየካቲት 2023 ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ጋር የተፈራረመችው ስምምነት ሰፋ ያለ ነው። በኦሮሚያ ክልል እስከ 4 ሚሊዮን ቶን ልቀት ለመቀነስ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፈል ይገልጻል።

ሲሚንቶና ማዳበሪያ

ኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ በዋናነት የምትልከው ቡናና አበባ በድንበር ማስተካከያው ስለማይካተቱ የወቅቱ ተጽዕኖ አነስተኛ ነው። የአገሪቱ ሲሚንቶ በዋናነት የሚውለው ለአገር ውስጥ ግንባታ ነው። ነገር ግን በደንቡ የተዘረዘሩት ዘርፎች በአገር ውስጥ እየሰፉ ነው። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ በ2024 የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም አለው። በ2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተስማምተዋል።

ለሲሚንቶና ለማዳበሪያ ደንቡ ፋብሪካው የሚጠቀመውን ኤሌክትሪክ ልቀት ጭምር ይቆጥራል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ ይህ የስሌቱ ክፍል ለአገሪቱ ይጠቅማል። ከኖራ ድንጋይና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ቀጥተኛ ልቀት ግን እንዳለ ይቆጠራል።

ለአገር ውስጥ ሥርዓት ያለው ትርጉም

አንድ አገር የራሱ የካርቦን ዋጋ ካለው የድንበር ክፍያው በዚያ ልክ ስለሚቀነስ ገንዘቡ በአውሮፓ በጀት ፈንታ በአገሩ ግምጃ ቤት ይቀራል። ይሁን እንጂ የሚቀነሰው በትክክል የተከፈለው ብቻ ነው። ፈቃዱን በነፃ ያደለ አገር ፋብሪካዎቹ ያልከፈሉትን ገንዘብ እንደተከፈለ ሊያስቆጥር አይችልም። ስለዚህ ነፃ ፈቃድ በአገር ውስጥ ፋብሪካዎችን ቢጠቅምም ወደ አውሮፓ የሚላከውን ምርት ከድንበር ክፍያ አያድንም።

የድልድሉ ዘዴም ለኢትዮጵያ ዓይነት ወጣት ኢንዱስትሪ ለውጥ ያመጣል። በቀድሞ ልቀት ላይ የተመሠረተ ድልድል የሚያደላው ለነባር ፋብሪካዎች ነው። በመለኪያ የሚደረግ ድልድል ግን እንደ ለሚ ያለውን አዲስ ፋብሪካ ከነባሮቹ ጋር በአንድ ሚዛን ያስቀምጠዋል። ለሁሉም ዘዴዎች ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ በዓመት የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ የሚጠቀመው ጥሬ ዕቃና የሚያመርተው ምርት ተለክቶ በገለልተኛ አካል መረጋገጥ አለበት። አውሮፓ በ2006 የገበያ ዋጋ የወደቀባት ፈቃዱን ያደለችው የተረጋገጠ ልኬት ሳይኖራት በመሆኑ ነው።